ንጉሡ ሳይነሳ

ባለፈው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት መምህራን ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሆነን አንድ ቴሌቪዥን ከበን ተቀምጠን ነበር። የሴቶች አምስት ሺህ ሜትር ፍጻሜ ነበር። ትምህርት ቤታችን ጉለሌ፣ ከቀጨኔ በታች ነው። ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር መብራት ይጠፋል፤ ስለዚህ ያን ቀን የፈራነው ኬንያውያንን ሳይሆን ደመናውን ነበር።

ሦስት ዙር ሲቀር ካሜራው ሯጮቹን ትቶ ወደ ክብር መቀመጫው ዞረ። የአዘጋጇ አገር ንጉሥ ከነቤተሰቡ ተቀምጦ ትንሽ ባንዲራ ያወዛውዛል።

«ንጉሡ የእኛን ልጅ ነው የሚያየው» አለ የስፖርት መምህሩ።

«እሱ እቴ! የራሱን ልጅ ነው እንጂ። የያዘውን ባንዲራ አታይም?» አለች የሒሳብ መምህሯ።

«ቆይ ብቻ! የእኛዋ ስታፈተልክ ካልተነሳ ምን አለ በይኝ።»

የእኛዋ አፈተለከች፤ ንጉሡም ተነስቶ አጨበጨበ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ፤ መምህራኑ ወንበር እየገለበጡ ተነሱ። እኔ ብቻ ተቀምጬ ቀረሁ።

«ብሩክ፣ አንተ ደም የለህም እንዴ? ደግሞ የሥነ ዜጋ አስተማሪ ነኝ ይላል!»

ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነገር ግን ንጉሥ ስታዲየም ውስጥ ከመቀመጫው ሲነሳ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ አልነበረም። የመጀመሪያውን ያየሁት ከሁለት ረድፍ ኋላ ሆኜ ነው። ያን ቀን የሠራሁትን እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እህቴ ስንዱ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ቤታችን ያኔም ዛሬም ቀጨኔ ነው፤ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ወንዝ፣ ሲባራ ደረጃ ከሚሆንበት ከአንዱ ቀጭን ቁልቁለት ላይ። አባታችን ሸጎሌ በግ ይነግዳል። ስንዱ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ሥራ አልነበራትም። የነበራት እግሯ ብቻ ነው።

ጠዋት ጠዋት ከጎህ በፊት ተነስተን ወደ ቁስቋም እንወጣለን። የባሕር ዛፉ ሽታ ከብርዱ ጋር አፍንጫ ይቆርጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ የኪዳን ጸሎት ይሰማል፤ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ዳገቱን ሲወርዱ መንገድ እንለቅላቸዋለን። ስንዱ ትሮጣለች፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ። በማስመሪያ የተሰመረ ደብተር ነበረኝ፤ ቀኑ በአንድ ዓምድ፣ ሰዓቱ በሌላው፣ ነፋሱ በሦስተኛው ይጻፋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ነገር መስመር ሲይዝ ደስ ይለኛል።

ለማያውቅ አንድ ነገር ላስረዳ። ሯጭ ወደ ኋላ ማየት የለበትም። ጭንቅላት ሲዞር ትከሻ ይዞራል፣ ትከሻ ሲዞር እርምጃ ያጥራል። ስንዱ ይህን ታውቃለች፤ ዳሩ ግን ከኋላዋ ማን እንዳለ ካላወቀች ትጨነቃለች፣ ስትጨነቅ ደግሞ ጉልበቷን ያለጊዜው ትጨርሳለች። መፍትሔውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። የሰፈራችንን ወንዶች ልጆች ከኋላዋ እናስሮጣለን። እኔ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ እቆማለሁ። ከልጆቹ አንዱ አሥር እርምጃ ያህል ከቀረባት ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ አፏጫለሁ፤ ያኔ የቀራትን ሁሉ ታወጣለች። ካላፏጨሁ ማንም የለም ማለት ነው፤ ትከሻዋን አውርዳ፣ ሳትጎዳ ትጨርሳለች። ዝምታዬም እንደ ፉጨቴ መልእክት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ተለማመድን፤ አንድ ቀንም አልተሳሳትንም።

«አንተ እኮ የኋላ ዓይኔ ነህ» ትለኝ ነበር፣ እማዬ በማር የበጠበጠችውን በሶ ከፕላስቲኩ እየተጎነጨች። ዐቢይ ጾም ስለነበር ሌላ የሚያበረታ ነገር አልነበረንም።

ያን የጾም ወቅት ሁለት ነገሮች ይጠብቋት ነበር። አንደኛው ፓስፖርቷ ነው። አረብ አገር ሰው ቤት ለመሥራት የምትሄድበት ወረቀት ተጠናቆ እማዬ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ አባባ «እስከዚህ ውድድር ድረስ ብቻ» ብሎ ቆርጧል። ሁለተኛው በአዲስ አበባ ስታዲየም የሚካሄደው የወጣቶች ዓለም አቀፍ ውድድር ነው። የአንድ ክለብ አሠልጣኝ ቁስቋም መንገድ ላይ አይቷት እንዲህ ብሏት ነበር፦ «አንደኛ ከወጣሽ ሰኞ ጠዋት መጥተሽ ትፈርሚያለሽ። ሁለተኛ የሚወጣ ሞልቶኛል።»

ውድድሩን ለጉብኝት የመጣ የሩቅ አገር ንጉሥ ሊመለከተው ነው ተባለ፤ የእሱም አገር አንዲት ሯጭ ልካ ነበር። ከኋላው የሚቀመጡ ሥርዓት ያላቸው ተማሪዎች ተፈለጉ፤ ከትምህርት ቤታችን አሥር ተመረጥን። ቁመቴ ረጅም፣ ዩኒፎርሜ ንጹሕ ስለነበር የመጀመሪያው እኔ ሆንኩ።

ሦስት ቀን ልምምድ አደረግን። ምክትል ርእሰ መምህሯ ቲቸር አስካለች የርእሰ መምህሩን ወንበር አዳራሽ አስገብታ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጋሽ ወልዴን ንጉሥ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ ንጉሥ ሳይነሳ ማንም አይነሳም። እሳቸው ሲነሱ እንነሳለን፣ ሲቀመጡ እንቀመጣለን። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ወልዴን እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

«ቲቸር፣ ጋሽ ወልዴ ተኝተዋል!»

«ንጉሥም ይተኛል። ተቀመጡ!»

ግማሽ ሰዓት ያህል ሳቃችንን ውጠን ተቀመጥን። ሕጉ አጥንቴ ውስጥ የገባው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

አባባ ዜናውን ሲሰማ ከወንበሩ ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ። ስንዱን ለሩጫዋ ስሟት አያውቅም። «ንጉሥ አጠገብ! እኔ በልጅነቴ የንጉሡ መኪና ሲያልፍ ያየሁት አቧራውን ነው» አለ። ያን ቀን ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ስንዱ ግን በር ላይ ጠርታኝ፣ «ታዲያ ማን ሊያፏጭልኝ ነው?» አለች።

«እኔ ነኛ። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ሽንት ቤት ብዬ እወጣለሁ። አጥሩ ጋ፣ መታጠፊያው ላይ ታገኚኛለሽ።»

«ካልለቀቁህስ?»

«ይለቁኛል።»

«ማልልኝ።»

«ቁስቋም ማርያምን!»

የውድድሩ ቀን ፀሐዩ ይፋጅ ነበር። በአንድ እጃችን የእኛን፣ በሌላው የእንግዳውን አገር ትንንሽ ባንዲራ አስያዙን። ንጉሡ ሲመጣ ስታዲየሙ ተነሳ፤ እኛም ተነስተን ተቀመጥን። ከሁለት ረድፍ በላይ አልራቀኝም። ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም፤ ያየሁት ግን ፀሐይ ያቀላው አንገትና ጫማ የጠበበው እግር ነው። ማንም አያይም ብሎ ተረከዙን ከጫማው አውጥቶ አሳረፈው። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ በመሆኔ ደረቴ ሞላ።

ስንዱ አምስት ዙር ሲቀር መሪነቱን ያዘች። ስታዲየሙ ስሟን ባያውቅም መለያዋን አይቶ «ኢትዮጵያ! ኢትዮጵያ!» ይል ጀመር። የንጉሡ አገር ልጅ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ከኋላዋ ትከተላለች። ደወሉ ተደወለ።

ለመነሳት ወደ ፊት ተሳብኩ። በረድፉ ጫፍ ያለችው ቲቸር አስካለች አየችኝና እጇን ወደ ታች አደረገች፦ ተቀመጥ። ሰበብ ብፈልግ ይህ ይበቃኝ ነበር። ግን ልዋሽ አልፈልግም። ሽንቴ መጣ ብላት ትለቀኝ ነበር። ያስቀረኝ ካሜራው ነው። የንጉሡን ፊት ሊያነሱ ሦስት ካሜራዎች ወደ እኛ ዞረው ነበር። አባባ ትዝ አለኝ፣ ጎረቤቱ ትዝ አለኝ። ደግሞም በልቤ «ሠላሳ እርምጃ ርቃለች፤ ዛሬ እኔ አላስፈልጋትም» አልኩ። ይህን ካልኩ በኋላ መቀመጫው ጣፈጠኝ።

ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ሠላሳው እርምጃ አሥር ሆኗል። ስንዱ መታጠፊያው ላይ ደረሰች። በአጥሩ በኩል ስታልፍ ጆሮዋን ስትሰጥ ከሩቅ ታወቀኝ። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ። ያን የትከሻ አወራረድ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ማንም የለም ማለት ነው።

የስታዲየሙ ጩኸት ተለወጠ፤ እሷ ግን ለእሷ የሚጮኹ መሰላት። በዚያ ቅጽበት ንጉሡ ተረከዙን ጫማው ውስጥ ከተተና ተነሳ። ለራሱ ልጅ ነው የተነሳው፤ ማንም ቢሆን ለአገሩ ልጅ ይነሳል። እኛም እንደተማርነው ተነሳን። ላፏጭ አልኩ። ለማፏጨት ጣት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም እጆቼ ባንዲራ ይዘው ነበር። ባንዲራዎቹን ጥዬ ጣቴን አፌ ውስጥ ስከት፣ ረጅሟ ልጅ በቀኟ በኩል ገብታ በግማሽ እርምጃ ቀደመቻት። ንጉሡ እንደ ሕፃን ዘለለ። ቲቸር አስካለች «ባንዲራህን አንሳ!» ብላ በሹክሹክታ ጮኸችብኝ። አነሳሁት።

ወደ ቤት የተመለስነው በሚኒባስ ነው። ስንዱ የሹራቧን ዚፕ እስከ አገጯ ዘግታ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። ከፊታችን የነበሩት ሁለት ጎልማሶች ከስታዲየም ነው የመጡት።

«ልጅቷ ተኛች እኮ! መጨረሻ ላይ ተኛች!»

«በንጉሥ ፊት፣ በገዛ አገሯ! ምናለ ሃያ እርምጃ ብትጨክን?»

«አሸንፌያለሁ ብላ ነዋ። ጥጋብ ነው።»

ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ፣ «ተዋት በቃ፣ ርቧት ይሆናል፤ ጾም አይደል?» አለ፤ መኪናው ሙሉ ሳቀ። ስንዱ አላለቀሰችም። የሰፈራችን መታጠፊያ ጋ ወርደን ዳገቱን ስንጀምር ብቻ ቆመች።

«ብሩኬ፣ አላፏጨህም?»

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜ አስቤአለሁ። አላፏጨሁም ብል ኖሮ ልትመታኝ፣ ልትሰድበኝ፣ ምናልባት ወር ሙሉ ላታናግረኝ ትችል ነበር፤ ነገሩ ግን ያልቅ ነበር።

«አፏጨሁ እንጂ። አልሰማሽኝም» አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ ግራ ጆሮዋን በመዳፏ ያዘች። «አልሰማሁም» አለች ቀስ ብላ፤ «እንዴት አልሰማሁም?» እማዬ ያቀረበችውን ሽሮ ያን ቀን አልነካችውም። ሰኞ ጠዋት ቁስቋም አልወጣንም። ክረምቱ ሳይገባ ሄደች።

ትምህርት ቤቱ ከጋዜጠኞች አንዱ ደወሉ ሲደወል ያነሳውን ፎቶ በትልቁ አሳጥቦ ሰጠኝ። ንጉሡ ከፊት ፈገግ ብሏል፤ እኔ ከኋላው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብዬ ተቀምጫለሁ። አባባ በፍሬም አሠርቶ ሳሎን ሰቀለው። የስንዱ የሩጫ ፎቶ ቤታችን ውስጥ የለም።

ባለፈው ሳምንት ሩጫው እንዳለቀ ከመምህራን ክፍል ወጥቼ ወደ ግቢው ጥግ ሄድኩና ደወልኩላት። ከሄደች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው መጥታ ያየችን። የሰው ልጆች ታሳድጋለች።

«አየሽው?» አልኳት።

«ከልጆቹ ጋር አየሁት። ጮህኩባቸው፤ ደነገጡ» ብላ ሳቀች።

«ስንዱ፣ ያን ጊዜ አላፏጨሁም። ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ንጉሡ እስኪነሳ ጠበቅሁ።»

ከስልኩ ማዶ ሳህን ስታስቀምጥ፣ ሮጦ የመጣ ልጅ ስትመልስ ተሰማኝ።

«ጆሮዬን ሁለት ጊዜ ታይቻለሁ እኮ» አለች። «ሐኪሙ ምንም የለብሽም ሲለኝ አላመንኩትም። እመቤቲቱ ጠርታኝ ካልሰማሁ፣ ያ ጆሮዬ ነው እላለሁ።»

«ይቅር በይኝ።»

«አሁን ለምን ነገርከኝ?»

«ፎቶውን ዛሬ አወርደዋለሁ። ለአባባም እነግረዋለሁ» አልኳት።

«ተው፣ እንዳትነካው። አርጅቷል፤ ሌላ ምን አለው?» አለች። ቀጥላም፣ «ልጆቹ ጠሩኝ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ፤ አላነሳችም።

ተማሪዎቼን የአገር ክብር ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃቸው ባንዲራ ይላሉ፣ መዝሙር ይላሉ፣ ሜዳሊያ ይላሉ። ሁሉንም ሰሌዳው ላይ በረድፍ እጽፍላቸዋለሁ። በዚህ ሳምንት ግን ከሥራቸው አንድ ባዶ መስመር አሰመርኩ። አንዲት ልጅ ብቻዋን ስትሮጥ፣ የማልንላት ቦታ ላይ ተገኝቶ ማፏጨት በየትኛው ረድፍ እንደሚገባ አላወቅሁም። ከዚያ ደወል ተደወለ።

እሑድ ምሳ ለመብላት ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። የአባባ የሸጎሌ ጓደኛ መጥቶ ነበር፤ ፎቶውን አይቶት አያውቅም። አባባ በከዘራው ተደግፎ ተነሳ፣ መስታወቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ጣቱን ፊቴ ላይ አኖረ።

«ይሄ ልጄ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲንጫጫ እየው፤ ንቅንቅ አላለም።»