ቴርሞሜትሩ ያላለው ቁጥር

ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብልቃጥ ክትባት እንዲበላሽ ምክንያት የሆኑትን ሰባት የኮድ መስመሮች ያስጻፉት የመድኃኒት መጋዘኑ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ከሥራ የተባረረችው ግን መስመሮቹ እንዳይጻፉ ሁለት ዓመት ሙሉ የተሟገተችው ሠራተኛቸው ናት። ነገሩ ከዚህ የበለጠ ውስብስብ አይደለም። ውስብስብ የሚመስል ከሆነ፣ እንዲመስል የደከሙለት ሰዎች ስላሉ ነው።

ሴትዮዋ ፕሮግራመር ናት፤ ዕድሜዋ አርባ አንድ። ከታላቅ እህቷ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች። እህቷ ልብስ ሰፊ ስለሆነች አንደኛው ክፍል የስፌት መኪናውና የማያልቀው ቁርጥራጭ ጨርቅ ግዛት ነው። ወደ መድኃኒት መጋዘኑ የገባችው የዛሬ አሥራ አራት ዓመት በመዝገብ ጸሐፊነት ነበር። ሥራዋ በየሁለት ሰዓቱ አምስቱን ቀዝቃዛ ክፍሎች እየዞረች በየበሩ ከተሰቀለው ቴርሞሜትር ያየችውን ቁጥር በደብተር ማስፈር ነው። ከእርሷ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች ዝናብ ሲጥል ከወንበራቸው አይነሡም ነበር፤ "አራት ዲግሪ" ብለው ይጽፋሉ፣ ሻያቸውን ይጠጣሉ። የድሮውን ደብተር ያገላበጠ ሰው፣ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር አምስቱም ክፍሎች ተመካክረው እኩል አራት ዲግሪ እንደሚሆኑ ያያል።

ኋላ ፕሮግራም መጻፍ ተማረች፤ ደብተሩንም በኮምፒውተር የተካችው እርሷ ናት። ባልደረቦቿ "ክርችም" ይሏታል። መሳቢያ ከፍታ አትተውም፤ የብዕር ክዳን፣ የውሃ ጠርሙስ፣ የሰው ቢሮ በር ሳይቀር ክርችም አድርጋ ዘግታ ነው የምታልፈው። ስሙን ያወጣላት የመጋዘኑ ዕቃ ያዥ ነው፤ "የኔንም አፍ ሁለት ጊዜ ዘግታዋለች፣ ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነው" ይላል።

ፕሮግራሟ እያንዳንዱን ቀዝቃዛ ክፍል በአንድ ክላስ ይወክላል። ክላስ፣ ስለ አንድ ነገር የሚታወቁትን ቁጥሮችና በቁጥሮቹ ላይ የሚፈቀደውን ሥራ አንድ ላይ የሚይዝ የኮድ ሳጥን ነው። በሳጥኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሙቀት ተቀምጧል። አንዱ ቴክኒሻኑ "ይህን ያህል ይሁን" ብሎ የሚያዘው ነው፤ ሌላው ቴርሞሜትሩ "ይህን ያህል ነው" ብሎ የሚናገረው። ለመጀመሪያው ሴተር፣ ማለትም ከውጭ የመጣ ሁሉ ቁጥሩን የሚቀይርበት ቀዳዳ ሠራችለት። ለሁለተኛው አልሠራችም፤ ቁጥሩ የሚገባው ከቴርሞሜትሩ ሽቦ ብቻ ነበር። ጌተሩን፣ የማንበቢያውን ቀዳዳ፣ እንኳ የፈቀደችው ቅር እያላት ነው። ሦስት የተለያዩ የኮምፒውተር ገጾች ያንኑ ቁጥር እያነበቡ አንዱ በስምንት፣ አንዱ በአሥር፣ አንዱ በአሥራ ሁለት ዲግሪ የማስጠንቀቂያ ደወል ይደውሉ ነበርና። "ክፍሉን 'ስንት ነህ' ብላችሁ ራሳችሁ ከምትፈርዱ፣ 'ደህና ነህ ወይ' ብላችሁ ጠይቁት፤ ወሰኑን የሚያውቀው እሱ ነው" ትላቸው ነበር። ሰሚ አላገኘችም፤ ቢሆንም ማየት ማንንም አይገድልም ብላ አለፈችው።

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስደው፣ አሥራ ሁለት ገጽ መመሪያ ይዘው ተመለሱ። "ሊቀ መመሪያ" የተባሉት በዚያው ሳምንት ነው። የመመሪያው አንቀጽ አራት "ማንኛውም ክላስ ለሚይዘው ማንኛውም ቁጥር ጌተርና ሴተር ይኖረዋል" ይላል። ለምን እንደሚኖረው አይናገርም፤ እሳቸውም አልጠየቁትም። ይልቁንም አፈጻጸሙን በቀለም የሚያሳይ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ አሰቀሉ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ፤ የቀዝቃዛ ክፍሉ ክላስ ብቻ ቀይ።

"ስሚ እንጂ፣ ይቺ ቀይ ያንቺ ናት" አሉ በሰኞው ስብሰባ።

"አዎ፣ የኔ ናት።"

"ሴተር ረስተሻል።"

"አልረሳሁም። ቴርሞሜትር ያየውን ቁጥር ማን ይቀይረዋል፣ ጌታዬ?"

"ማንም! ይኑር ነው ያልነው፣ ይቀየር መቼ አልን?"

"ማንም የማይጠራው ከሆነ ታዲያ ለምን ይጻፋል?"

"ለሙሉነት።"

"እኔም ለሙሉነት ብዬ መስኮት የሌለው ግድግዳ ላይ መጋረጃ ሰቅያለሁ" አለ ዕቃ ያዡ ከኋላ ወንበር። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሊቀ መመሪያ አልሳቁም። ዕቃ ያዡን በየሰኞው ስብሰባ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ይህ ጭቅጭቅ ሁለት ዓመት ቆየ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሊቀ መመሪያ ወደ ጠረጴዛዋ መጥተው "እስከ ሐሙስ አረንጓዴ ካልሆነ ቦታሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ" አሏት። ትእዛዙን በጽሑፍ እንዲሰጧት ለመነች። "አፌ አይበቃሽም?" አሉ። ያን ዕለት ቤቷ ስትገባ እህቷ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና አላለችም።

"እትዬ፣ ደንበኛሽ ወገቧን ራሷ ለክታ ብትመጣ ትቀበያለሽ?"

"አንዷ አለችልኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወገቧ ስልሳ ስምንት ነው። በስድስቱ ዓመት ውስጥ ሦስት ልጅ ወልዳለች።"

"ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ምን አደርጋለሁ! ቀሚሱ አልዘጋ ሲል ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። አሁን ሜትሬን ለማንም አልሰጥም። አንቺም እንዳትሰጪ።"

"ካልሰጠሽ ውጪ ብለውኛል።"

እህቷ መኪናውን አቆመች። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ወደ እርሷ ዞረች። "እንግዲያው ስጪያቸው" አለች። "ግን መስጠትሽን ጻፊበት። በኋላ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው 'አላልንም' ይላሉ።"

ሐሙስ ጠዋት ሰባቱን መስመሮች ጻፈች። ከላያቸው አንድ ማስታወሻ አኖረች፦ "በኃላፊው የቃል ትእዛዝ የተጻፈ። የተለካ ሙቀት በሰው እጅ አይቀየርም። ይህን አትጥሩት።" በዚያው ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ሊቀ መመሪያ ያንን ማስታወሻ በገዛ እጃቸው ሰረዙት። ይህ ግምት አይደለም፤ የኮዱ የለውጥ ማኅደር ቀኑን፣ ሰዓቱንና የእሳቸውን ስም ይዞ ቁጭ ብሏል። የሰረዙትም በመመሪያው አንቀጽ ዘጠኝ "ስሜት አዘል ማስታወሻ" ክልክል ስለሆነ ነው። ሰሌዳው አረንጓዴ ሆነ፤ ለሠራተኛው ሁሉ ኬክ ተቆረሰ።

ከስምንት ወር በኋላ ሊቀ መመሪያ ለቴክኒሻኖቹ ሙቀት በስልክ የሚያዙበት ፕሮግራም እንዲሠራ አንድ የውጭ ድርጅት ቀጠሩ። የድርጅቱ ሰው ክላሱን ከፈተና ሁለት ሴተር አገኘ፤ አንዱ "የሚፈለገውን ሙቀት ቀይር"፣ ሌላው "ሙቀት ቀይር" ይላል። አጭሩን መረጠ። የሚያስጠነቅቀው ነገር አልነበረም። ቴክኒሻኑ በስልኩ "አራት" ብሎ ሲያዝ፣ ፕሮግራሙ "ቴርሞሜትሩ አራት ብሏል" ብሎ ይመዘግብ ጀመር፤ ስልኩም ያንኑ ቁጥር በየአምስት ደቂቃው መልሶ ይልከዋል። ቴርሞሜትሩ በየደቂቃው እውነቱን ስለሚጽፍበት ስህተቱ ለሳምንታት አልታየም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሦስተኛው ክፍል ፊውዝ ተቃጠለ። ማቀዝቀዣውና ቴርሞሜትሩ አብረው ዝም አሉ። ክርችም የጻፈችው ፕሮግራም ለአሥር ደቂቃ ከቴርሞሜትሩ ወሬ ካጣ ጩኸቱን እንዲያቀልጠው ነበር የተሠራው፤ ነገር ግን በየአምስት ደቂቃው "አራት፣ አራት" የሚል ትኩስ ወሬ ይደርሰው ነበርና ዝም አለ። ሰኞ ጠዋት ዕቃ ያዡ በሩን ሲከፍት ሙቀቱ ፊቱን መታው። ወደ ኮምፒውተሩ ሮጦ ገጹን አየ፦ አራት ዲግሪ። "ይሄ ኮምፒውተር ብርድ ብርድ ብሎታል፣ እኔን ግን አልቦኛል" ብሎ ለሁሉም ደወለ። በክፍሉ የነበረው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብልቃጥ ክትባት ተበላሽቶ ነበር።

አጣሪ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር፤ ከሦስቱ ኮድ ማንበብ የሚችል አንድም የለም። ስለዚህ የእያንዳንዱን መስመር ጸሐፊ በግራ ኅዳግ የሚያሳይ ወረቀት እንዲታተምላቸው አዘዙ። ያሳተሙላቸው ሊቀ መመሪያ ናቸው።

"እነዚህን ሰባት መስመሮች የጻፉት እርስዎ ነዎት?" አለ ሰብሳቢው።

"ነኝ።"

"እንግዲያው ምን ቀረን?"

"ከላያቸው አንድ መስመር ነበር።"

ሰብሳቢው ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። "እዚህ የለም።"

"ተሰርዟል። ይሄ ወረቀት የሚያሳየው ተርፎ የቀረውን መስመር ማን እንደጻፈ ነው፤ የጠፋውን ማን እንዳጠፋ አያሳይም። የለውጡን ማኅደር ክፈቱት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።"

"ኮሚቴው የሚመረምረው የቀረበለትን ሰነድ ነው።"

በዚህ ጊዜ እዚያው ተቀምጠው የነበሩት ሊቀ መመሪያ ሳይጠየቁ ጣልቃ ገቡ። "ማስታወሻውን ያነሣሁት ስሜት አዘል ስለነበረ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም" አሉ። ኑዛዜው ተሟልቶ በገዛ አንደበታቸው ወጣ፤ አራት ሰው ሰማው። በቃለ ጉባኤው ላይ ግን ይህ ዓረፍተ ነገር የለም። ከሦስቱ አንዱ የሆነው ቃለ ጉባኤ ያዥ ለምን እንዳልጻፈው ተጠይቆ "ጻፍ አላሉኝም" ብሏል። አንቀጽ አራትን የጻፈ አእምሮ ደቀ መዝሙር አላጣም ማለት ነው።

የስንብት ደብዳቤዋ "የተለካ ሙቀት ከውጭ እንዲቀየር በቸልተኝነት በመፍቀድ" ይላል። "በቸልተኝነት" የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ እርሱ በግል ማኅደሯ እስካለ ድረስ የትኛውም የመድኃኒት መጋዘን አይቀጥራትም። ደብዳቤው እንዲሻርላት ለመጋዘኑ ሁለት ማመልከቻ አስገባች። ለመጀመሪያው "ደርሶናል" ተባለች። ሁለተኛውን፣ ከኮዱ የለውጥ ማኅደር የታተመውን የስረዛ ማስረጃ አያይዛ፣ በእጇ ወስዳ ሰጠች፤ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ፈርማ ተቀበለች፣ አባሪውን ግን "ቅጹ ላይ ለአባሪ የሚሆን ቦታ የለም" ብላ መለሰችላት። አሁን ከእህቷ ጎን ተቀምጣ ቁልፍና ዚፕ ትተክላለች። እህቷ "ስፌትሽ ጥብቅ ነው፣ ደንበኛ መፍቻ አጣ" ትላታለች፤ እርሷም ትስቃለች፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ሊቀ መመሪያ አሁን በሌሎች መጋዘኖች እየዞሩ አንቀጽ አራትን ያሠለጥናሉ። ሰባቱ መስመሮች አልተነሡም። ለሁለተኛው ማመልከቻ እስከ ዛሬ መልስ አልተሰጠም፤ የስንብት ደብዳቤውም አልተሻረም።