አጣደፍህ የተባልሁበት ምት

«አጣደፍህ!» አለኝ፣ እጁን ከፒያኖው ላይ ሳያነሳ። እኔን! የልጄ እኩያ ሰውዬ፣ ከአዲስ አበባ በመጣ በሁለተኛ ሳምንቱ፣ «አንተ» ብሎ! ባንዱን እንዲመራ ያመጡት የምንጫወትበት የጣና ሐይቅ ዳር ሆቴል ባለቤት ናቸው። እኔ እዚያ ድራም ላይ የተቀመጥሁት ግን እሱ ፊደል ሳይቆጥር ነው።

መፍጠኑንስ ፈጥኛለሁ፣ አልክድም። ከየት መጣ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። አባቴ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች ባንዱ መሪጌታ ነበሩ፤ ከበሮ አንገቴ ላይ ያንጠለጠሉልኝ ገና ድምፄ ሳይጎረንን ነው። በማኅሌት መረግድ የሚባለው የከበሮ ምት በዝግታ ይጀምራል፤ እየሞቀ፣ እየጠበበ ይሄድና ጭብጨባው ሲገባ ጽፋት የሚባለው ፈጣኑ ምት ይሆናል። ምቱን ባንድ ፍጥነት ከጎተትሁት አባቴ «ተኝተሃል እንዴ?» ብለው በመቋሚያቸው ጫፍ ጎኔን ይወጉኝ ነበር። ጃዙን ያስተማሩኝ ደግሞ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ናቸው፤ ፔዳ ሰፈር በተከራዩት ክፍል ሸክላ እያሰሙ፣ ጭኔን እያስመቱ። እሳቸው እንኳ ያችን የመፍጠን አመሌን ሰምተው «ተዋት፣ ያንተ ናት» ነው ያሉኝ።

ሰውዬው ግን ምት የሚቆጥር ማሽን ጆሮዬ ውስጥ ሰካብኝ። ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ! ሦስት ሳምንት ታገስሁ። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ሌላ ድራመር አስመጣና «አንተ ትንሽ ዕረፍ» አለኝ። ዕረፍ! የደከመ በሬ መሰልሁት እንዴ?

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ አላስችል ቢለኝ፣ ሄጄ ሆቴሉ ግቢ ከሰው መሐል ተቀመጥሁ። ሰውዬው ማይኩን ይዞ «ከጣና ያገኘሁት አዲስ ምት» አለ። ድራመሩ በዝግታ ጀመረ። ወይ ጉድ! የእኔው መረግድ! ደሜ ፈላ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? እኔ ስመታው ማጣደፍ፣ እሱ ሲወስደው ግኝት! ብድግ ብዬ «ይህማ የአባቴ ነው!» አልሁ። አስተናጋጇ «ጋሼ፣ በማርያም» ብላ አስቀመጠችኝ።

ስርቆቱስ ባልከፋ ነበር። ድራመሩ አበላሸው እንጂ! ምቱ ገና ሳይሞቅ ዘሎ ጽፋቱ ውስጥ ገባ። ሰው ግን አጨበጨበ። ሲጨርሱ ወደ መድረኩ ሄድሁ። ልጣላ ነበር፤ አምላክ ምስክሬ ነው፣ ልጣላ ነበር የሄድሁት። አፌን ስከፍት ግን «እንዲህ አይደለም» የሚል ወጣኝ። የድራመሩን እጅ ያዝሁ። «አትዝለል፤ ቀስ እያልህ አጥብበው።» ልጁ ጨዋ ነው፣ ደግሞም ፈጣን፤ በሦስተኛው ሙከራ ያዘው። መሪው ፈገግ እያለ በስልኩ ይቀርጸናል።

እስካሁን ያንገበግበኛል። እሁድ እሁድ ሰዉ ያን ምት ሊሰማ ይጎርፋል፤ ድራመሩም አሁን አንድ ስሕተት የለበትም። ወንበሬን ያ ሰውዬ ነጠቀኝ እያልሁ ላገኘሁት ሁሉ አወራለሁ፤ ውሸቴን ነው። ያን ቀን አፌን ብይዝ ኖሮ ጽፋቱ እንደተበላሸ ይቀርና መልሰው ይጠሩኝ ነበር። ተበላሽቶ መስማቱን አልቻልሁም፤ ወንበሬን በገዛ እጄ አስረከብኋቸው።