የነጠላዬ ጫፍና የአባቴ ካባ

የልጅ ልጄ ለትምህርት ቤት ስለሱ ጻፊ የተባለችውን ሰው ሥዕል ስታሳየኝ የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ። እዚህ አሜሪካ፣ በመስኮቱ የሚገባው የፌርፋክስ የመኪና ጭስ ብቻ ነበር። ሥዕሉ ላይ ጥቁር ካባ የደረበ ጺማም ሽማግሌ አለ።

«አያቴ፣ ይሄ የድሮ ጃጅ ነው። በፈረስ ከታውን ታውን እየሄደ ዛፍ ሥር ይፈርድ ነበር። በኋላ ሴኔተር ሆነ።»

«የዳኘበት መሬት ከሱ በፊት የማን ነበር?»

«ሶ… የኢንዲያንስ።»

«እነሱስ፣ የአገሩ ነባሮች፣ ቀርበው ተሟገቱ?»

የስልኳን ገጽ ወደ ታች ገፋችው። «እዚህ ላይ የለም።»

አባቴም እንደዚያ ያለ ካባ ነበረው፤ ከሣጥን ሲወጣ ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸት ነበር። በበቅሎ እየዞረ ዋርካ ሥር ችሎት የሚያስችል የወረዳ ዳኛ ነበር። ለፓርላማ በተወዳደረበት ዓመት የአገሩ ባላባት ጎረቤታችን የሆነችን አንዲት መበለት እርሻዋን ነጠቃት። መራጩ ሁሉ በባላባቱ እጅ ነበር። መበለቷ ሦስት ጊዜ ቀረበች፤ አባቴ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሰጠ። በአራተኛው ሰማዩ ጠቁሮ አፈሩ ዝናብ ዝናብ ይሸት ነበር። ሳታርስ ክረምቱ ከገባ ልጇን ይዛ መሰደዷ ነው።

«ከምርጫው በኋላ ትቅረብ» አለ አባቴ።

በአገራችን የተካሰሱ ሰዎች ዳኛ ፊት የሚሄዱት የልብሳቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሄጄ የነጠላዬን ጫፍ ከካባው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት።

«በንጉሥ አምላክ፣ አባባ፣ ከስሼዎታለሁ። ሌላ ዳኛ ዘንድ እንሂድ።»

ሰዉ ሳቀ። «እንግዲህ ዋስ ይጥሩ፣ ጌታዬ» አለ ባላባቱ። አባቴ አልሳቀም። ቋጠሮውን በገዛ እጁ ፈታው።

«ፓርላማ ልግባ እንጂ ሁሉንም አስተካክላለሁ፣ ልጄ» አለኝ ጎንበስ ብሎ።

ገባ። መበለቷ ግን ከዚያ በፊት፣ በመጀመሪያው ዝናብ፣ ልጇን አዝላ ድስቷን ተሸክማ በደጃችን አለፈች። ቀና ብላ አላየችንም። የት እንደወደቀች እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ ሊሞት ሲል በሽታው አንደበቱን ዘግቶት ነበር። እጁ አልጋው ላይ ሲዳብስ ነጠላዬን አገኘና ጫፉን ከጋቢው ጫፍ ጋር ሊቋጥር ሞከረ። ጣቶቹ እንቢ አሉት። እንዳግዘው ቀና ብሎ አየኝ። አላገዝኩትም።

ይኸው ሰማንያ ሊሞላኝ ነው፤ ነጠላ በለበስኩ ቁጥር እጄ ጫፉን ይይዛል። ቋጥሬለት ቢሆን ኖሮ የትኛው ዳኛ ዘንድ እንሄድ ነበር?