ድምፁ የለም

እኔ ሰው ቤት ገብቼ የተበላሸ ምስል ሳይ ዝም ማለት አልችልም። ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ የዜና አንባቢዋ ጉንጭ እንደ ድፎ ዳቦ ሲሰፋ ባለቤቶቹ ምንም አይመስላቸውም፤ እኔ ግን የጎረስኩት አልወርድ ይለኛል። ሪሞቱን ማንም ሳይሰጠኝ አነሳና ምስሉን ወደ ልኩ እመልሳለሁ፤ ቀለሙን አበርዳለሁ፤ የሚያጓራውን ድምፅ አለዝባለሁ። ከዚያ "አሁንስ አይሻልም?" ብዬ ምስጋና እጠብቃለሁ። አክስቴ አንድ ጊዜ "አንተ፣ እኔን ልትጠይቅ ነው የመጣኸው ወይስ ቴሌቪዥኑን?" ብላኛለች። ያኔ ስቄ አለፍኩት። አሁን ይህ አመሌ እናቴን ምን እንዳሳጣት ስለማውቅ አያስቀኝም።

አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። እናቴ ያው ኮልፌ፣ እኛ ባደግንበት ቤት ናት። እኔ የምኖረው አስኮ ነው፤ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሷ ጋ እሄዳለሁ። በቅርቡ አንድ እሁድ ምሳ በልተን እንዳበቃን ያን የእህቴን ሠርግ ቪዲዮ በስልኬ አሳየኝ አለችኝ። አባቴ ሙሽሮቹን ሲመርቅ እኔው ራሴ የቀረጽኩት ነው። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።

"ይሄ ትንሽ ነው፤ ዓይኔም ጆሮዬም አይደርስበት" አለች። "ምርቃቱን በቴሌቪዥኑ አርግልኝ። ሌላ ምንም አላስቸግርህም።"

ጆሮዬም ብላለች። አሁን ሳስበው በግልጽ ነው የተናገረችው። እኔ ግን የሰማሁት "በቴሌቪዥኑ" የምትለዋን ብቻ ነበር፤ ደስ አለኝ። ላፕቶፕ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ጥሩ ምስልና ጥሩ ድምፅ ማውጣት ከዘመዶቼ ሁሉ እኔ ብቻ የምችለው ሥራ ነው ብዬ የምኮራበት ነገር ነው። ሳምንት ይዤው እመጣለሁ አልኳት።

የሠርጉ ቪዲዮ አንሺዎች የሠሩት ሌላ ቪዲዮ አለ። እነሱ ምርቃቱ ላይ የሠርግ ዘፈን ደርበውበታል፤ አባቴ እጁን ዘርግቶ አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታያል፣ የሚሰማው ግን ሆታ ነው። ያን ጊዜ በነሱ ላይ የተናገርኩትን ብትሰሙ! "ሰው አይደሉም እንዴ? የሽማግሌ ምርቃት ላይ ዘፈን ይለጠፋል?" ብዬ እህቴን ገንዘቧን አስመልሺ ብያት ነበር። የአባቴ ድምፅ የቀረው እኔ ስልክ ላይ ብቻ ነበር። እህቴ ላክልኝ ስትለኝ "ፋይሉ ከባድ ነው፣ በኋላ" እያልኩ ቆየሁ።

በሳምንቱ መሀል ቪዲዮውን ከስልኩ ወደ ላፕቶፑ ገለበጥኩትና ማዳመጫ ሰክቼ ከፈትኩት። ምስሉ ምንም አይልም። ድምፁ ግን ጉድ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ ጀነሬተር ያጓራል፤ ነፋሱ ሸራውን ይማታል፤ አንድ ሰው "መክፈቻ! መክፈቻ የት አለ?" እያለ ይጮሃል። ከዚህ ሁሉ ሥር አባቴ አለ። አባቴ ሞቅ ሲለው ከአማርኛው ወደ ጉራጊኛው ይሻገራል። እኛ ልጆቹ ኮልፌ ተወልደን ያደግን፣ ከጉራጊኛ ሰላምታና ቁጣ ብቻ ነው የምናውቀው። ስለዚህ ግማሹን በጀነሬተሩ ምክንያት አልሰማሁትም፤ ግማሹን ደግሞ ብሰማውም አልገባኝም።

ጩኸቱን የሚቀንስ ፕሮግራም አለኝ። ጀነሬተሩን ስቀንሰው የአባቴ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ጀነሬተሩን ስመልሰው ጆሮ ይበጥሳል። ብዙ ታገልኩና ተናደድኩ። ይሄ በትልቅ ስፒከር ቢከፈት ያሳፍራል አልኩ ለራሴ። ማንን እንደሚያሳፍር አልጠየቅኩም። ከዚያ ድምፁን ጠቅላላ አወጣሁትና በቦታው ለስለስ ያለ የክራር ሙዚቃ አስገባሁበት። ቪዲዮ አንሺዎቹን የሰደብኩ እኔ ማለት ነው! የነሱ ዘፈን ጭፈራ ነው፣ የኔ ግን ለአዛውንት የሚመጥን ነው ብዬ ነበር በልቤ። ፕሮግራሙ የድሮውን በዚህ ልተካው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ተካው አልኩት። ስልኬም ሞልቶ ሲያስቸግረኝ ስለነበር "ላፕቶፕ ላይ አለ" ብዬ እዚያ ያለውን አጠፋሁት። በዚያው ሳምንት ስልኩን በሌሎች ቪዲዮዎች ሞላሁት።

እሁድ ጦር ኃይሎች ወርጄ አንድ ሱቅ አዲስ የኤችዲኤምአይ ገመድ ገዛሁና ኮልፌ ደረስኩ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጣ ጠበቀችኝ፤ እንግዳ የምትቀበል ነው የምትመስለው። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስለሆነ እጄን ከኋላው ሰድጄ በዳበሳ ሰካሁት። ምስሉ መጣ። ጠርዝ ጠርዙ ግን ተቆርጧል።

"ኧረ ግንባሩን ቆረጥከው!" አለች እናቴ።

ይሄ የቴሌቪዥኑ ችግር ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ምስሉን ሙሉውን እንዲያሳይ አደረግኩት። አባቴ ከነግንባሩ፣ ከነኮፍያው ወጣ። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "እሰይ" አለች። ቪዲዮውን አስጀመርኩት።

"ድምፁ የለም" አለች።

እውነትም ክራሩ የሚሰማው ከላፕቶፑ ነበር። ገመዱ ምስልም ድምፅም አብሮ ያሳልፋል፤ ኮምፒውተሩ ግን አንዳንዴ በቴሌቪዥኑ አውጣው ካላሉት ድምፁን ለራሱ ያስቀራል። አስተካከልኩት። ክራሩ በቴሌቪዥኑ ወጣ።

"አሁንስ?"

"የለም።"

ከፍ አደረግኩት። አሁንም አንገቷን ነቀነቀች። ጆሮዋ ደክሟል ብዬ አዘንኩላትና ትምህርቴን ጀመርኩ። ቀጫጭን ቴሌቪዥኖች ስፒከራቸው ከኋላ ነው፣ ድምፁ ግድግዳውን ነው የሚያናግረው፣ አንቺ ጋ ምን ይደርሳል አልኳት። ጓዳ ገብቼ የድሮውን ቴፕ ስፒከሮች አወጣሁ፤ አቧራቸውን ጠረግኩ፤ ከላፕቶፑ ጋር በገመድ አያያዝኳቸው። ኡኡኡ የሚል ድምፅ አመጡ። ማከፋፈያውን ቀየርኩ፣ ሽቦውን አጥብቄ ጠመዘዝኩ፤ ኡኡታው ጠፋ። እናቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አየች፤ "ደከምክ፣ ትንሽ አረፍ በል" ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። በመጨረሻ ክራሩ ሳሎኑን ሞላው። ደርዳሪው ሶፋው ላይ የተቀመጠ ነበር የሚመስለው። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

"አሁን እንዴት ነው?" አልኳት።

"ሙዚቃው ጥሩ ነው" አለች። "ድምፁስ?"

"ይኸው እኮ ነው ድምፁ!" አልኩ፤ ትንሽ ጮህኩባት።

"ድምፁ ነዋ" አለች፤ ጣቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጋች። "የአባትህ።"

እናቴ አባቴን አንቱ ብላው አታውቅም። በዕድሜ የሚቀርቧት ጎረቤቶቿ ባሎቻቸውን አንቱ ነው የሚሉት፤ እሷ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ አንተ እንዳለችው ኖረች። አንቱ የምትለው ቢሆን ኖሮ "ድምፃቸው የለም" ትለኝ ነበር፣ እኔም በመጀመሪያው ቃል ይገባኝ ነበር። "ድምፁ" ስትል እኔ የዕቃውን ድምፅ ሰማሁ፤ እሷ የምትለው የሰውየውን ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት ባሏን ስትጠይቀኝ ስፒከር ስደረድርላት ቆየሁ።

ፊቷን አየሁት። ምንም አልጠረጠረችኝም። ልጇ ያውቃል፣ ያስተካክላል ብላ ነው የምታየኝ። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ገመዱ ነው" አልኩ።

"ገመዱ ሙዚቃውን አሳልፎ እሱን ያስቀረዋል?"

"አንዳንዱ እንደዚያ ነው። ሙዚቃ ያሳልፋል፣ ሰው ሲናገር ግን ይይዛል።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ቤት እየገባሁ ስለ ምስልና ድምፅ የማስተምረው።

"እንዲህም አለ ለካ" አለች፤ ምሳ ልታቀርብ ተነሳች። ያን ቀን የበላሁት አፈር አፈር አለኝ።

ሰኞ ሥራ አልገባሁም። ጦር ኃይሎች የጠፋ ፋይል የሚመልሱ ጠጋኞች ዘንድ ስልኬንም ላፕቶፔንም ይዤ ዞርኩ። ሁሉም በራሱ ፕሮግራም ፈለገ፤ ሁሉም በላዩ ሌላ ተጽፎበታል፣ አይመለስም አለኝ። እህቴ ጋ ደወልኩና ምክንያቱን ሳልነግራት ከሠርግሽ ሌላ ቪዲዮ አለሽ ወይ አልኳት። "ያ ዘፈን የለጠፉበት ብቻ ነው፤ ያንተን እኮ በኋላ እያልክ ሳትልክልኝ ቀረህ" አለችኝ። አባቴ በስልክ ድምፁን ቀርጾ የሚልክ ሰው አልነበረም፤ ከፈለገህ ደውሎ "የት ነህ?" ይልሃል፣ ይዘጋዋል። ድምፁ ሌላ ቦታ የለም።

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ሌላ ገመድ ይዤ እሄዳለሁ። አንዱ ወፍራም ነው፣ አንዱ ጫፉ ወርቃማ ነው። ከአስኮ ታክሲ ስሳፈር ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ኮልፌ ስወርድ ዓመቱ ይውጣ፣ ከዚያ እነግራታለሁ እላለሁ። ለጎረቤት ሁሉ "ልጄ በኔ ምክንያት ገመድ ሲቀያይር ከረመ" ብላ ታወራለች። እጄን ከቴሌቪዥኑ ኋላ አስገብቼ ስዳብስ "ተባረክ፣ ልፋትህን ይቁጠርልህ" ትለኛለች። ከዚህ ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ያለፈው እሁድም አዲሱን ገመድ ሰክቼ ቪዲዮውን ከፈትኩት። እንደማይሰማ እያወቅኩ ጆሮዬን ጣል አድርጌ የማዳምጥ መሰልኩ፤ እዚህም ደርሻለሁ።

"ተወው፣ አትልፋ" አለች እናቴ። "ሙዚቃውን ብቻ አጥፋልኝ። ያለሱ ይሻለኛል።"

አጠፋሁት። ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴ ቴሌቪዥኑ ላይ እጆቹን ዘረጋ፤ አፉ ተንቀሳቀሰ። እናቴ ወደፊት ጎንበስ ብላ አፉን አፉን እያየች ቀስ ብላ ትናገር ጀመር። "ውለዱ፣ ክበዱ... አብሮ ያስረጃችሁ..." ትላለች፤ ራሷ መልሳ "አሜን" ትላለች። ወደ ጉራጊኛው ሲሻገር አብራው ተሻገረች፤ እሱ ሲያርፍ ታርፋለች፣ ሲቸኩል ትቸኩላለች። እኔ ስፒከሮቹ መሀል ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። የገባኝ "አሜን" የሚለው ብቻ ነበር።

ምርቃቱን ሲጨርስ አባቴ ፊቱን በቀጥታ ወደ ካሜራው አዞረ። ማለትም ወደ እኔ። ጢሙን በመዳፉ እየጠረገ አንድ ነገር ተናገረ፣ ሳቅም አለ። እናቴም ሳቀች።

"ምን አለ?" አልኳት።

"ለአንተ እኮ ነው። አጠገቡ ቆመህ አልሰማህም?"

አልሰማሁም። ያኔ ጭንቅላቱ እንዳይቆረጥ ስክሪኑን ነበር የማየው። በኋላ ላፕቶፑ ላይ በማዳመጫ ስሰማም በጉራጊኛ ስለሆነ አልፌው ነው የሄድኩት።

"ምን አለኝ፣ እማዬ?"

"ያን ጊዜ ሰምቼ በጣም ስቄ ነበር፤ ቃሉ ጠፋኝ። እዚህ ጋ ደግሞ እጁ አፉን ሸፈነብኝ" አለች። ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። "አይዞህ አባቴ፣ ድምፁ ሲስተካከል እነግርሃለሁ።"

ተነስቼ ገመዱን ነቀልኩት፤ መልሼም ሰካሁት።