የጋሽ ቢያዝን የክንፍ ምርመራ

ጋሽ ቢያዝን ጡረታ ወጥተው ቢቸና ከገቡ ወዲህ በከተማው ስለ ሞተርና ስለ ሰማይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ደብረ ዘይት ሳሉ ለጥቂት ዓመታት አውሮፕላን ጠግነዋል፤ የቀረውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት ግን ዕቃ ግምጃ ቤት መሆኑን የምታውቀው ባለቤታቸው ሀብትነሽ ብቻ ናት። እሷም የምታነሳው ሲጣሉ ነው።

አምና የሞጣው ነጋዴ ሐጂ ኸይረዲን አንድ የእርሻ ድርጅት አርጅታበት የሸጣትን ጃይሮፕሌን ገዙ። ጃይሮፕሌን ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ከአናቷ ላይ እንደ ሄሊኮፕተር የሚሽከረከሩ ረጃጅም ክንፎች ያሏት ትንሽ በራሪ ናት። የወንድማቸው ልጅ ሰይድ ውጭ አገር በረራ ተምሮ ስለመጣ፣ ማሳ ላይ መድኃኒት ይረጭባታል ብለው ነው። የሞጣ ከተማ በዓል ኮሚቴ ሰብሳቢ ሥርጉት ግን የመጀመሪያው በረራ የበዓሉ “ሃይላይት” እንዲሆን አስወሰነች።

ሰይድ አንድ ነገር ብቻ ለመነ። ክንፎቹ የቆዩ ናቸው፤ ስሱ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ከውስጠኛው ወፍራም ብረት ጋር የተያያዘው በሙጫ ነው፤ ሙጫ ደግሞ ሲያረጅ ይለቃል። እኔ ማብረር እንጂ ይህን አልተማርኩም፣ የሚያውቅ ሰው ይመርምርልኝ አለ። ጋሽ ቢያዝን ተጠሩ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው ከሚኒባስ ወረዱ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ክንፎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩ፤ ቀለሙን አደነቁ። ሰይድ በትሕትና ማንኳኳት አያስፈልግም ወይ ቢላቸው፣ ለሚያውቅ ሰው ዓይን ይበቃል ብለው ገሠጹት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

“ይህ ሙጫ የተክሊል ጋብቻ ነው” አሉ። “መፋታት የለውም።”

ተጨበጨበላቸው፤ ምሳም በክብር ቀረበላቸው። በመሐል ሥርጉት ድምፅ ማጉያውን አንስታ፣ ከሰይድ ጋር በሁለተኛው ወንበር የሚበርሩት የክብር እንግዳ ጋሽ ቢያዝን መሆናቸውን አበሠረች። ጭብጨባው ባሰ። የጠቀለሉት ጉርሻ አፋቸው ሳይደርስ ቆመ።

ጠዋት ብርሃኑ ደህና አልነበረም ብለው ተነሡ። ከሰይድ የአንድ ብር ሳንቲም ተቀብለው፣ እንስራ ልትገዛ ገበያ እንደወጣች ባልቴት ክንፉን እያንኳኩ ሄዱ። ቃ፣ ቃ፣ ቃ ይላል፤ ጥርት ያለ ነው። ጫፉ ጋ ሲደርሱ ዱፍ አለ። ደገሙት፤ አሁንም ዱፍ። እውነቱን ለመናገር ዱፍ ባይልም ዱፍ አለ ለማለት ተዘጋጅተው ነበር፤ ክንፉ ራሱ ከውሸት አዳናቸው።

ሰይድም አንኳኩቶ ሰማ። ቀለሙን በጥፍሩ ቢፍቀው የቆርቆሮው ጠርዝ ተነሣ፤ ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነጭ ዝገት ረገፈ። ሰይድ ወደ ሐጂ ኸይረዲን ዞረ።

“አጎቴ፣ ይህ አየር ላይ ቢላጥ ኖሮ እኔንም እሳቸውንም በጆንያ ነበር የምትለቅሙን።”

ሐጂ ኸይረዲን ጋሽ ቢያዝንን፣ የጠዋቱ ተክሊል የት ገባ ሲሉ ጠየቁ።

“በዚህ ዘመን ተክሊልም እየተፈታ ነው፣ ሐጂ” አሉ ጋሽ ቢያዝን።

ሥርጉት ዝቅ ብሎ ቢበረርስ ብላ ተከራከረች፤ ፕሮግራሙ ታትሟል። ሰይድ እምቢ አለ። ስለዚህ ጃይሮፕሌኗ መሬት ላይ እንደቆመች ሞተሯ ተነሥቶ አቧራ አስነሣ፤ ኃላፊዎችም ተራ በተራ ወንበሩ ላይ እየወጡ ፎቶ ተነሡ። በሥርጉት ሪፖርት በረራው “ስኬታማ” ነበር። ሞጣዎች ግን ስለ ጋሽ ቢያዝን “ሙጫው የለቀቀውን ፍርሃት ያዘው” ተባባሉ፤ አባባሉ እሳቸው ሳይገቡ ቢቸና ገባ።

ሐጂ አዲስ ክንፍ አዝዘው ሰይድ ዛሬ ማሳ ይረጫል። ጋሽ ቢያዝንም ያንን ዱፍታ ከመናኸሪያው ሆኜ ሰምቼው ነበር እያሉ ያወራሉ።

ዘንድሮ ቢቸና ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ለውኃ ታንከሩ ከፍ ያለ የብረት መቆሚያ አሠርቶ እንዲመረምሩለት ጠራቸው። ሲደርሱ መምህራኑ ከታንከሩ ሥር ወንበር አስቀምጠው፣ ሲጨርሱ ሻይ የሚጠጡት እዚያ መሆኑን ነገሯቸው። ጋሽ ቢያዝን ወንበሩን አዩት፤ ታንከሩን አዩት። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው መፍቻ ጠየቁ፤ እስኪመሽ ድረስ እያንዳንዱን ብሎን ሲያጠብቁ ዋሉ።