ለጀልባ የሚሆን ሱሪ

ወንድሜ ሞጣ ውስጥ ሞባይል ይጠግናል። እኔ ቢቸና ነው የምኖረው፤ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። እሱ ከተወለደ ጀምሮ ቆዳው ቀለም የለውም፤ ጸጉሩም ሽፋሽፍቱም ነጭ ነው። ልጆች ሳለን «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ የሚከተሉትን ድንጋይ አንስቼ አባርር ነበር። ፀሐይን ግን ምን ላድርጋት? ገና ጥቂት ሲጫወት ፊቱ ይላጣል፤ እናታችን ቅቤ ትቀባዋለች፤ በማግስቱ ደግሞ ያው ነው።

ባለፈው በጋ ደወለልኝ።

«እታለም፣ ቢቸና ገበያ ሱሪ ፈልጊልኝ።»

«ሞጣ ሱሪ ጠፋ?»

«እኔ የምፈልገው ጠፋ። ስስ ይሁን፤ ፀሐይ ግን አያሳልፍ።»

ነገሩን ቀስ ብዬ ከአፉ አወጣሁት። ከስምጥ ሸለቆ በኩል ተመድቦ የመጣ መምህር ጓደኛ አለው። መምህሩ ሐይቅ ዳር ያደገ ስለሆነ ዓሣ ማጥመድ ይወዳል፤ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የፕላስቲክ ጀልባም አለችው፤ ካያክ ይሏታል። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ላይ ጭነዋት ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ጀመሩ። መጀመሪያ ተራ በተራ ነበር የሚቀዝፉት። ኋላ ግን ወንድሜ ከጀልባዋ አልወርድም አለ፤ መምህሩም ከዳር ሆኖ መንጠቆውን ይጥላል። ሰው ሁሉ ስለ አዞ ይጠይቀዋል። እሱን ያስቸገረችው ግን ፀሐይዋ ናት። ካያክ ላይ የሚቀመጡት እግር ዘርግቶ ነው፤ ጥላ የለም፤ ከላይ የወረደችውን ውሃው መልሶ ይልካታል። የሚለብሰው ስስ ሱሪ አሳልፎ ጭኑን ለብልቦታል።

«ተወዋ እንግዲያ» አልኩት።

«እዚያ እኮ ማንም አያፈጥብኝም፣ እታለም።»

በገበያው ቀን ሰልባጅ ተራ ገባሁ።

ሻጯ መጀመሪያ ጂንስ ዘረጋችልኝ። ጂንስ ከረጠበ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅ። ቱታ አመጣች፤ ላስቲክ የመሰለ ነገር ነው፣ በረሃ ውስጥ ሰው ይቀቅላል። ነጭ የጥጥ ሱሪ አንስቼ እጄን ውስጡ ከትቼ ወደ ሰማይ ከፍ አደረግሁት። ጣቶቼ አንድ በአንድ ታዩኝ።

«እንቁላል አደረግሽው እኮ!» አለች ሻጯ።

«ፀሐይ እንዳያስገባ ነው የማየው።»

«ፀሐይ ደግሞ እንደ ዝናብ ይገባል?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን የምስቅበት ልብ አልነበረኝም። ለባሌ መስሏት «አይዞሽ፣ ወንድ ምንም ቢለብስ ያው ነው» አለችኝ።

ክምሩን እስከ ታች በረበርኩት። ግራጫ ሱሪ ወጣ፤ ሲይዙት ላባ ነው፣ ሽመናው ግን ጥብቅ ያለ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ማሰሪያ ያለው። እጄን ከትቼ ሳየው ጣቶቼ አልታዩም። ከውስጥ በተሰፋችው ምልክት ላይ የፀሐይ ሥዕልና ቁጥር አለ። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

«ውሰጂው! ይኸው ነው! ቁጥሩ ፀሐይ የሚከለክልበት ልክ ነው።»

ወገቡ ግን ጠባብ ነበር። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ በጎንና በጎኑ ጨርቅ አስጨመርኩበት።

«አባባ፣ ሲቀመጥ ወደ ላይ እንዳይሸሽበት እግሩንም ያስረዝሙልኝ።»

«ሲቆም ሊረግጠው ነው እንግዲህ።»

«ይርገጠው።»

በሳምንቱ ይዤለት ሞጣ ሄድኩ። ከሱቁ ጓዳ ለብሶት ወጣ፤ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር። ጀልባ ላይ እንዳለ ሁሉ ወለሉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠና በባዶ እጁ ቀዘፈ። ማሰሪያውን ላሳየው ተንበርክኬ ጫፉን ከፍ ሳደርግ ቅልጥሙ ላይ ቁስል አየሁ። ዳርዳሩ ያበጠ፣ መሐሉ የጎደጎደ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጭረት ነው።»

«መቼ የወጣ?»

«ከክረምት በፊት» አለ። «ይድናል ብዬ ነው።»

ሱሪውን መልሼ ሸፈንኩት። ለምን እንደሸፈንኩት አላውቅም።

ከሞጣ ሆስፒታል ወደ ባሕር ዳር ላኩን። ቆርጠው አወጡለትና ለምርመራ ሰጡት። ውጤቱ እስኪመጣ እሱ አልጋው ላይ ተጋድሞ የታማሚዎቹን ስልክ ይጠግናል፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ እመላለሳለሁ። ሐኪሟ ወጣት ነበረች። ካንሰር መሆኑን ነገረችን፤ የሚታየው ሁሉ እንደወጣ፣ ለክትትል ግን እየተመላለሰ መታየት እንዳለበት ጨመረችበት። ግራጫውን ሱሪ አሳየኋት። ጨርቁን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው።

«ጥሩ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቢለብስ ኖሮ...» ብላ አቆመች።

በልጅነቱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚለብሰውን ቁምጣ ነበር የሚለብሰው። ወላጆቻችን ሌላ ምን ያውቁ ነበር?

«ወንዝ መውረዱን ተው ይበሉልኝ፣ ዶክተር።»

«ቀትርን ይሽሽ፣ ይሸፋፈን እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን የራሱ ውሳኔ ነው።»

ወንድሜ መስኮቱን ያያል።

ቁስሉ ሲጠግግ ተመልሶ ወረደ። እኔም አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ሄድኩ። ምን ልሠራ እንደሄድኩ እንጃ። በጠዋት ውሃው ላይ ወጣ፤ ሳይሞቅ እመለሳለሁ ብሎ ነበር፤ ረፈደ፣ ድንጋዩ መፋጀት ጀመረ፣ እሱ ግን ኩርባውን ዞሮ ተሰወረ። ተጣራሁ።

«አይሰማም» አለኝ መምህሩ፣ ክሩን እንደያዘ። «እኔም ስንት ጊዜ ጠራሁት።»

ሲመለስ ሁለት ዓሣ ይዞ ነበር። ውሃ ጠጣ። ሱሪው ገና ከመውረዱ ይደርቅ ጀመር፤ በእውነት ጥሩ ሱሪ ነው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት አወጣሁና ፊቱን፣ አንገቱን፣ ከጆሮው ኋላ ቀባሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ብሎ ቆመልኝ።

«በቃ እንግዲህ፣ እንሂድ» አልኩት።

«አንድ ዙር ብቻ።»

መቅዘፊያውን አንስቶ ጀልባዋ ላይ ተቀመጠ። ጫፏን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ፤ እርጥብ ፕላስቲክ ነው፣ አዳለጠኝ። ጀልባዋ ሄደች።