ሣጥኖቹ አንድ ላይ ሲጮኹ

የማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ ነው፤ ቡራዩ። ልጄ ሀዊ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ከአስፋልቱ በኩል ጠ ጠ ጠ የሚል ድምፅ ስሰማ ከቤት ወደ ግቢው ወጣሁ። እንዲህ ያለ ድምፅ ልጅ ሆኜ ሱሉልታ ሰምቼ አውቃለሁ።

አባቴ ሜዳ ላይ የተቀመጡ ሦስት ሰፋፊ ሣጥኖች ይጠብቅ ነበር። ያስቀመጧቸው ከአዲስ አበባ የሚመጡ አንድ መምህር ናቸው። ከሰማይ የማይታይ ቅንጣት ወርዶ ሣጥኑን በመታ ቁጥር ማሽናቸው ጠ ይላል። አንድ ቀን ሦስቱም አንድ ላይ ጮኹ። ሕፃኑን ወንድሜን ሣሩ ላይ አስቀምጬው ነበርና በድንጋጤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ደፋሁበት።

"አንቺ! ልጁን ልታፍኚው ነው?" አለ አባቴ፣ ሳፋውን እያነሳ።

"እንዳይዘንብበት ብዬ ነው!"

መምህሩ ሳቁ። "ሳፋውንም ያልፋል፣ የኔ ልጅ። አንዷ ቅንጣት ከላይ አየሩን ስትመታ ትበተንና እንደ ካፊያ ሜዳውን ሁሉ ታዳርሰዋለች። አሁንም በአንቺ ውስጥ እያለፈ ነው።"

ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ። "ይገድላል እንዴ?"

"አይገድልም። ስትወለጂም ነበረ።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ይግባው አይግባው እንጃ። እኔ ግን ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

አሁን ቡራዩ ላይ ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ በአጥሩ ላይ፣ "ጥይት ነው፣ እንዳትወጪ!" ብለው ጮኹብኝ። ያኔ አይገድልም የሚለኝ ትልቅ ሰው ነበረ። ዛሬ ለሀዊ ትልቋ ሰው እኔ ነኝ። የግቢውን በር ከፈትኩና ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ።